«ዲፕሎማ ይዞ ስለ ጂኖም ያወራል» ላላችሁኝ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ቡና ይዛችሁ አንብቡት፤ ካልሆነም እለፉት፣ አልቀየምም።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ገጼ ላይ ሁለት መስመር ጻፍኩ። «የማስተርስ ተማሪ የራሱን የቁጥር ሰንጠረዥ ከሶፍትዌሩ አውጥቶ ማሳየት ካልቻለ ዳታው የእሱ አይደለም» ነበር ያልኩት። ከዚያ ኮሜንቱ ወረደብኝ። አንዱ «አንተ ዲፕሎማ ይዘህ ስለ ጂኖም ምን አገባህ» አለ። ሌላው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ነው፤ በትህትና «ባዮሎጂስት ባዮሎጂውን ይሥራ፤ ኮምፒውተሩን ለኮምፒውተር ሰው ይተው» ብሎ ጻፈልኝ። የመጀመሪያውን ትቼዋለሁ። ለሁለተኛው ግን መልስ አለኝ። አባባሉ ትክክል ይመስላል፤ ብዙ ልጆችን እያስጎዳ ያለውም ትክክል መስሎ ስለሚሰማ ነው።

በቅድሚያ ስለ ዲፕሎማው። አዎ፣ ያለኝ ዲፕሎማ ነው፤ በአይሲቲ። ሃይስኩል የማስተምረው የመምህር እጥረት ስላለ ነው። ዲግሪዬን በክረምት እየተማርኩ ነው፣ ደብቄም አላውቅም። ስለ ባክቴሪያ የማውቀው ራሴ 12ኛ ክፍል ሆኜ የተማርኩትን ያህል ነው፤ እሱም ግማሹ ጠፍቷል። ስለዚህ እኔ የማወራው ስለ ጂኖም አይደለም። የማወራው ስለ ፋይል ነው። ፋይል ደግሞ ሥራዬ ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላውራ።

10ኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ዛሬ ማስተርሷን እየሠራች ነው። የት እንደሆነ አልናገርም፤ የትም ቢሆን ያው ነው። ጥናቷ ስለ ጤፍ ሊጥ ነው። ከ12 ቤት እርሾ ለምና ሰብስባለች። ስድስቱ ቤት በፕላስቲክ ባልዲ ያቦካል፣ ስድስቱ ደግሞ እንደ ጥንቱ በሸክላ ቡሃቃ። ጥያቄዋ ቀላልና ቆንጆ ነው፦ ዕቃው ሲለያይ ሊጡን የሚያቦኩት ባክቴሪያዎች ይለያያሉ ወይ? የሸክላ ቡሃቃ ያላቸውን ቤቶች ለማግኘት ገጠር ገብታ በእግሯ ስትንከራተት ነበር። አንድ እናት «እርሾ ለባዳ አይሰጥም» ብለው ሦስት ጊዜ መልሰዋታል። በአራተኛው ቡና አፍልተው ሰጧት። እኚህን እናት አትርሱብኝ፣ እመለስባቸዋለሁ።

ከናሙናው ዲኤንኤው ተለይቶ ወጣና ውጭ አገር ተልኮ ተነበበ። (አዋቂዎች እንዳትቆጡ፦ እሷ ያስነበበችው 16 ኤስ የሚባለውን አንድ ጂን ብቻ ነው። በጥብቅ ቋንቋ ሜታጂኖሚክስ የሚባለው በናሙናው ያለውን ዲኤንኤ በሙሉ ማንበብ ነው። ግን አገሩ ሁሉ ለሁለቱም ሜታጂኖሚክስ ስለሚል እኔም እንደ አገሩ እላለሁ።) ዳታው ሲመጣ ደግሞ «ዳታ አናሊስት» ተፈለገ። አማካሪዋ ናቸው «ይሄን የሚሠራ ልጅ አለ» ያሏት። ተከፈለው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰባት ባለቀለም ስዕልና አንድ ዚፕ ፋይል ላከላት። ስዕሎቹ እውነት ያምራሉ።

ቅድመ መከላከያ ላይ አንዱ ገምጋሚ «ስዕሉ ቆንጆ ነው፤ ቁጥሮቹን አሳዪን» አሏት። ዝም አለች። የትኛው ናሙና ውስጥ የትኛው ባክቴሪያ ስንት ጊዜ እንደተነበበ የሚያሳየው ሰንጠረዥ እጇ ላይ የለም። ሰውየው ጋ ስትደውል «ሰንጠረዥ ለብቻው ነው የሚከፈለው» አላት።

ልብ በሉ። በእግሯ ሄዳ ያመጣችው ሊጥ። በራሷ ገንዘብና በወንድሟ ብድር ያስነበበችው ዲኤንኤ። ለማየት ድጋሚ ክፍያ።

ማታ ላይ ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ላስቸግርዎት ነው። ኮምፒውተር ስለሚያውቁ ነው።» ላኪልኝ አልኳት።

ሶፍትዌሩ ቻይም 2 ይባላል። በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ በኪው ይጀምራል፤ ሲነበብ ግን ቻይም ነው። በነፃ የሚገኝ ነው፤ እኔ ስሙንም ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዚፑን ስፈታው ሁለት ዓይነት ፋይል አገኘሁ፤ መጨረሻቸው ኪው ዜድ ኤ እና ኪው ዜድ ቪ። የመጀመሪያው ዳታ ነው፣ ሁለተኛው የሚታይ ሪፖርት። ልጅቷ ኪው ዜድ ኤውን በኖትፓድ ከፍታው የማይነበብ ዝባዝንኬ ሲወጣባት ዘግታዋለች። እኔም ከፈትኩት። ዝባዝንኬው እውነት ነው፤ ግን መጀመሪያው ላይ ሁለት የሚነበቡ ፊደሎች አሉ፦ ፒ እና ኬ። እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ፒ ኬ የፊል ካትዝ ስም መጀመሪያ ነው፤ የዚፕን አሠራር ያመጣው ሰው። የዚፕ ፋይል ሁሉ በእሱ ስም ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው የሚፈራው ኪው ዜድ ኤ ሌላ ምንም አይደለም፤ ስሙን የቀየረ ዚፕ ነው። መጨረሻውን ወደ ዚፕ ብትቀይሩት ሶፍትዌሩ ባይኖራችሁም፣ ኢንተርኔት ባይኖርም፣ ማንንም ሳትለምኑ ይከፈታል።

ከፈትነው። ውስጡ ረጅም ቁጥር የተሰየመለት ፎልደር፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ «ዳታ» እና «ፕሮቨናንስ» የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች። በዳታው ውስጥ ሰንጠረዡ ቁጭ ብሏል። ሲያስከፍሏት የነበረው ሰንጠረዥ ሁልጊዜም ላፕቶፗ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ግን ባዮም በሚባል መልክ ነው የተቀመጠው። ባዮም ከሥሩ ኤች ዲ ኤፍ 5 ነው፤ ለኮምፒውተር እንጂ ለሰው ዓይን አይሆንም። ወደ ተራ ጽሑፍ መለወጥ አለበት። ለዚህ ነው ትዕዛዝ መስመር፣ ያ ጥቁሩ መስኮት ያስፈለገን። መንገዱ ሁለት እርምጃ ነው። አንድ፣ «ቻይም ቱልስ ኤክስፖርት» ብሎ ባዮሙን ማውጣት። ሁለት፣ «ባዮም ኮንቨርት» ብሎ ባዮሙን በታብ ወደተለያየ ሰንጠረዥ መቀየር። አለቀ። ቻይም 2 በዊንዶውስ ላይ እንዳለ ስለማይሠራ ዊንዶውሱ ውስጥ ሊኑክስ መጫን ነበረብን። በሌሊት ጥቅል ሁለት ሌሊት ፈጀብን፣ መሃል ላይ መብራት ሄዶ እንደገና ጀመርን። ይሄን አላሳንሰውም። ግን አንዴ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ማለትም ወደ ኤረሩ።

አንድ የክፍል ጓደኛዋ ከድሮ ማስታወሻው ትዕዛዙን በቴሌግራም ልኮላታል። ኮፒ ፔስት አደረገች። «ትዕዛዙ አልተገኘም» አላት። ስክሪንሾት ላከችልኝ፤ «ቲቸር፣ አልተጫነም መሰለኝ፤ እንደገና ልጫነው?» ሁለት ሌሊት ሙሉ የጫነችውን! ተጭኗል። ኮንዳ የሚባለው አስተዳዳሪ ሶፍትዌሩን ለብቻው ክፍል ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ በሩን «አክቲቬት» ብለሽ ካልከፈትሽው አያይሽም። መስኮቱን በከፈትሽ ቁጥር መክፈት አለብሽ። ከፈተችው።

ሁለተኛው። «ያልጠበቅሁት ተጨማሪ ቃል አገኘሁ» አለ፤ ቃሉንም በቅንፍ ጠቅሶ አሳያት። የፎልደሯ ስም «ማስተርስ ዳታ ፋይናል» ነው፣ ሦስት ቃል። ለትዕዛዝ መስመር ክፍት ቦታ ማለት «እዚህ አለቀ፣ ሌላ ጀመረ» ማለት ነው። ስለዚህ ፎልደሯን ሦስት ቦታ ቆራርጦ ነው ያነበበው። ወይ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቢው፣ ወይ የፎልደሩን ስም አሳጥሪው አልኳት። ስሙን አሳጠረችው።

ሦስተኛው እኔንም አንድ ሰዓት በልቶኛል። ትዕዛዙ ውስጥ ሁለት ሰረዝ ተከታትሎ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ከኋላው «ኢንፑት ፓዝ» ይላል። ፊደሉ ትክክል ነው፣ ፎልደሩ ትክክል ነው፣ እምቢ አለ። ኤረሩን ደግሜ ሳነበው «ያልጠበቅሁት» ብሎ የጠቀሰው ቃል ራሱ ኢንፑት ፓዝ ነው። እየጠበቀው የነበረውን ቃል እንዴት አልጠበቅሁትም ይላል? ፊደሉን አጉልቼ አየሁት። ሁለት ሰረዝ አይደለም! አንድ ረጅም ሰረዝ ነው። ቴሌግራም ኮምፒውተር ላይ ሲጻፍበት ሁለቱን ሰረዝ «አሳምሮ» አንድ ያደርገዋል። ወርድም እንዲሁ ነው። ለሰው ዓይን ያምራል፤ ለማሽኑ ግን ሌላ ፊደል ነው፣ በሀ ቦታ ሐ እንደመጻፍ። ሐን እኛ እናልፋታለን፤ ማሽን አያልፍም። በእጇ ደግማ ጻፈችው።

አራተኛው «እንዲህ የሚባል አማራጭ የለም» አለ። የጓደኛዋ ማስታወሻ የድሮው ስሪት ነው፤ ያኔ «አውትፑት ዲር» ይባል የነበረው አሁን «አውትፑት ፓዝ» ሆኗል። ቀየረችው። ሠራ።

አራት ኤረር፤ አራቱም ምን እንደጎደለ በግልጽ ተናግረው ነበር። እኛ ግን «ኤረር መጣ» እንላለን እንጂ «ኤረሩ እንዲህ አለ» አንልም። እንደ ስድብ ነው የምንሰማው። ቀይ ነገር ካየን ዘግተን ሰው እንጠራለን፣ የተጠራው ሰው ደግሞ ያስከፍላል። ልጅቷ እንግሊዝኛ ታነባለች፤ የእንግሊዝኛ ጆርናል ስታነብ ነው የምትውለው። ያቺን አንዲት መስመር ግን ያላነበበችው ለእሷ የተጻፈች ስላልመሰላት ነው።

ሰንጠረዡ ወጣ። በኤክሴል ከፈትነው። ዓምዶቹን ቆጠረች። አሥር።

«ቲቸር፣ 12 ነው መሆን ያለበት።»

አዎ፣ ሰባቱም ስዕል ላይ አሥር ነበር። ሰውየው «ሁለቱ ናሙና ወድቋል፣ ሲነበብ አልተሳካም» ብሏት ነበር፤ አምናዋለች፣ አማካሪዋም አምነዋል። እኔ ግን ዚፑ ውስጥ ሁለት ሰንጠረዥ እንዳለ አይቻለሁ። ሁለተኛውንም አወጣነው። (እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ሰንጠረዥ ከቻይም 2 ሲወጣ የፋይሉ ስም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ለእያንዳንዱ የተለየ ፎልደር ስጡት፤ አለበለዚያ የቱ የቱ እንደሆነ ይጠፋችኋል።) ሁለተኛው ላይ 12 ዓምድ አለ። ወደቁ የተባሉት ሁለቱ አሉ። አንደኛው ከ8 ሺህ በላይ፣ ሌላኛው 9 ሺህ ገደማ ንባብ አላቸው። ባዶ አይደሉም። አልወደቁም።

ታዲያ የት ሄዱ? እዚህ ላይ ነው «ፕሮቨናንስ» የሚባለው ፎልደር የሚያስፈልገው። የቻይም 2 ሠሪዎችን ያከበርኳቸው በዚህ ነው። እያንዳንዱ ፋይል ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው ትዕዛዝ፣ በየትኛው ቁጥር እንደተሠራ የራሱን ታሪክ ሆዱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ተራ ጽሑፍ ነው፣ በኖትፓድ ይነበባል። አነበብነው። «ሳምፕሊንግ ዴፕዝ፦ 10000» ይላል።

ምን ማለት ነው? የአንዱ ናሙና ንባብ 50 ሺህ፣ የሌላው 9 ሺህ ከሆነ እንዳለ ማወዳደር ያስቸግራል። ስለዚህ አንዳንዶች ከሁሉም እኩል ቁጥር በዕጣ ይወስዳሉ፤ 10 ሺህ ካሉ ከሁሉም 10 ሺህ። 10 ሺህ ያልሞላው ናሙና ግን ከነአካቴው ይጣላል። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም። ይሠራል አይሠራም ብለው ሊቃውንቱ ራሳቸው ይከራከሩበታል፣ እኔ አልገባበትም። ጥፋቱ ግን «ጣልኩት» ማለትን ትቶ «ወደቀ» ማለት ነው። ቁጥሩን 8 ሺህ ቢያደርገው ኖሮ 12ቱም ይገቡ ነበር። ያንን ምርጫ የመረጠው ሊጡን አይቶት የማያውቅ ሰው ነው።

የተጣሉት ሁለቱ ደግሞ ሁለቱም ከሸክላ ቡሃቃ ናቸው። አንዱ የእኚያ በአራተኛው ቡና አፍልተው የሰጡት እናት ሊጥ ነው።

እሷ ዝም ብላ ስክሪኑን አየች። እኔም ዝም አልኩ።

አሁን «ኮምፒውተሩን ለኮምፒውተር ሰው ይተው» ላሉኝ ጌታዬ፦ ተውንላቸው። ይኸው። ስድስት ለስድስት የነበረው ጥናት ስድስት ለአራት ሆነ፤ ጥናቱን የሠራችው ልጅ አታውቅም፣ አማካሪዋ አያውቁም፣ ስዕሉ ግን ያምራል።

ደግሞ የኮምፒውተር ሰው ሲባል ከስህተት የነጻ እንዳይመስላችሁ። እኔው ራሴ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፤ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ሌባ እሆናለሁ።

12 ዓምድ ያለውን ሰንጠረዥ በጂነስ ደረጃ ሰብስበን አወጣንና «እኔ በአር ላስገባልሽ፣ ቻርቱን ልሥራልሽ» አልኳት፣ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ። አር የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ነው። «ሪድ ቴብል» የሚለውን ትዕዛዝ ተጠቅሜ አስገባሁ። ኤረር የለም። ቻርቱ ወጣ። የዓምዶቹ ስም ኤክስ ከነቁጥር ሆኖ መጣ፤ «የአር ጠባይ ነው» ብዬ አለፍኩት። ላኩላት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደወለች፦

«ቲቸር፣ ላክቶባሲለስ የት ሄደ?»

እንዴት ማለት አልኳት። «የጤፍ ሊጥ ነው እኮ! እናቴ ቤት ያለ ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ሊጥ ሲኮመጥጥ ማን አየ? ሙሉ በሙሉ እንዴት ይጠፋል?»

ሄጄ ፈለግሁ። ባዮም ወደ ጽሑፍ ሲቀየር ከላይ ሁለት መስመር ይጨምራል፤ አንደኛው «ከባዮም ፋይል የተሠራ» የሚል ማስታወሻ፣ ሁለተኛው የዓምዶቹ ስም። ሁለቱም በ # ምልክት ነው የሚጀምሩት። ሪድ ቴብል ደግሞ ካልከለከሉት በስተቀር በ # የሚጀምርን መስመር ሁሉ እንደ ማስታወሻ ቆጥሮ ይዘለዋል። ስለዚህ የናሙናዎቹን ስም ዘለለ። ከዚያ «ርዕስ አለው» ስላልኩት ቀጥሎ ያገኘውን የመጀመሪያ የዳታ መስመር እንደ ርዕስ ወሰደው። የመጀመሪያው መስመር ላክቶባሲለስ ነበር። ኤክስ ከነቁጥር ያልኳችሁ የዓምድ ስም የላክቶባሲለስ ቁጥር ነበር! ፊቴ ላይ ተጽፎ አለፍኩት። መፍትሔው አጭር ነው፦ የኮሜንት ምልክቱን ባዶ አድርጎ የመጀመሪያዋን የማስታወሻ መስመር ብቻ መዝለል። የሠላሳ ሰከንድ ሥራ። ግን ኤረር አልሰጠም እኮ! ቀይ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ከሁሉም የሚከፋው ኤረር የማይሰጠው ስህተት ነው።

ማን ያዘው? እኔ አይደለሁም። ኮምፒውተር የማውቀው እኔ የተሳሳተ ቻርት ሠርቼ፣ በኩራት ልኬ፣ ተኝቼ ነበር። የያዘችው ሊጥ የምታውቀው ናት። የእኔ ክርክር ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። ዳታ ከአንድ መልክ ወደ ሌላ መልክ ሲሻገር ነገር ይጠፋል። የጠፋው ነገር መጥፋቱን የሚያውቀው ምን መኖር እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ባዮሎጂስቷ ናት። እሷን ከበሩ አስወጥታችሁ «አንቺ ባዮሎጂውን ሥሪ» ስትሏት፣ ባዮሎጂ የሚያስፈልግበትን ዋናውን ቦታ ነው የዘጋችሁባት።

«የድሃ አገር ችግር ነው» የሚለኝም አይጠፋም። እንግሊዝ አገር በኮሮና ጊዜ፣ ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2፣ 2020 ባለው ጊዜ ውስጥ 15,841 በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ከመንግሥት ቆጠራ ቀርተው ነበር። ምክንያቱ የላቦራቶሪው ዳታ ሲሻገር የድሮው የኤክሴል ፋይል ውስጥ መግባቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ከ65,536 መስመር በላይ አይይዝም። የተረፈው ቀረ። ሰዎቹ ውጤታቸው ተነግሯቸዋል፤ አብረዋቸው የነበሩትን ፈልጎ የማስጠንቀቁ ሥራ ግን ዘገየ። ኤክስፖርት የጸሐፊ ሥራ ነው፣ ፎርማት መቀየር የትም የሚሠራ ነው ለሚሉ ይቺ ትድረሳቸው።

ፍትሐዊ ልሁን። ሰው መቅጠር ኃጢአት አይደለም። ማስተርስ ከሥራ ጋር፣ ከልጅ ጋር፣ ከኑሮ ውድነት ጋር የሚማር ሰው ሁሉንም አይችልም፤ የሚያግዘው ሰው ያስፈልገዋል፣ ያገዘውም ሊከፈለው ይገባል። አናሊስቶቹ ውስጥም ጨዋ አሉ። ግን ሰው ስትቀጥሩ ስዕል ብቻ አትቀበሉ። ሰንጠረዡን፣ ኪው ዜድ ኤዎቹን በሙሉ፣ የተጠቀመበትን ትዕዛዝ በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ሰንጠረዡን አንድ ጊዜ በእጃችሁ አውጡ፣ ዓምዱን ቁጠሩ፣ ድምሩን ደምሩ። «ለብቻው ነው የሚከፈለው» ካላችሁ አትክፈሉ፤ እጃችሁ ላይ ነው ያለው።

አማካሪዎችም አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ተማሪያችሁ ስዕል ይዞ ሲመጣ «ጥሩ ነው» ብላችሁ አታሳልፉት። እኚያ ገምጋሚ ያሉትን ጥያቄ በመጀመሪያው ወር ጠይቁ። ስንት ናሙና ሰበሰብሽ፣ ስንት ናሙና ሰንጠረዡ ላይ አለ። ይሄን ለመጠየቅ ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግም፤ መቁጠር ነው የሚያስፈልገው።

ለራሴም ድርሻ አለኝ። ለዓመታት «ሲ ኤል አይ ሲተነተን ምን ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ አውጥቻለሁ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አድርጌ። ያቺ ልጅ ያኔ በትክክል መልሳዋለች፣ አስታውሳለሁ፤ ጎበዝ ነበረች። ጥቁሩን መስኮት ግን አንድም ቀን ከፍቼ አላሳየኋትም። ላብ ውስጥ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች አራት ነበሩ፣ ተማሪው 60፤ ምክንያት አለኝ። ምክንያቴ ግን በዚያች ማታ ስክሪኑን ዝም ብላ ስታይ አልጠቀማትም።

ከዚያስ ምን ሆነ ለምትሉ። ሁለቱ ናሙናዎች ሲመለሱ ያ የሚያምረው ውጤት ፈረሰ። ሸክላውና ፕላስቲኩ ያን ያህል አይለያዩም፤ በፊት ትልቅ ልዩነት መስሎ የታየው ሁለቱ ሲጎድሉ ነው። አንድ ምዕራፍ እንደ አዲስ ጻፈች፣ መከላከያዋ በሁለት ወር ተራዘመ፣ ለሁለት ወር ተጨማሪ የቤት ኪራይ ከፈለች። ደስ ብሏታል አልላችሁም። አንድ ማታ «ቲቸር፣ ባላይ ይሻለኝ ነበር እንዴ?» ብላኛለች። መልስ አልሰጠኋትም፤ ራሷ በማግስቱ ሥራዋን ቀጠለች። ባለፈው ወር ስትከላከል እኚያ ገምጋሚ «ቁጥሮቹ» ከማለታቸው ሰንጠረዡን ከፈተችላቸው፣ 12 ዓምድ። ለምን ይሄ በፊት አሥር ነበር ሲሏትም አስረዳች።

እንግዲህ ኪው ዜድ ኤ ይዞ የተቀመጠ ሁሉ፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ክፍያ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ካለ ላቡ ክፍት ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ልጆች መጥተው ነበር፣ አንዷ ከሩቅ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ትዕዛዙን በቴሌግራም አትላኩልኝ። በወረቀት ጽፋችሁ አምጡት።